ከፍ ያለችው ድምፅ

የተከራየነው ልዩ ባቡር ፊሽካውን ነፍቶ መንቀሳቀስ ሲጀምር አልቪን ስታውት ገና ጣቢያው ላይ ይሮጥ ነበር። በአንድ እጁ ኮርኔት የሚባለውን የናስ መለከቱን ሳጥን አንጠልጥሏል፤ ብብቱ ሥር የባንዱን ኖታዎች የያዘ የቆዳ ቦርሳ ሸጉጧል፤ ክብ ባርኔጣው ወደ ማጅራቱ ተንሸራቷል። የመጨረሻው ፉርጎ ደረጃ ላይ የቆመው አስጨፋሪው በርተን ሃይንስ የቆርቆሮ ድምፅ ማጉያውን ለጎረቤቱ አቀብሎ ክንዱን ዘረጋና ጎትቶ አወጣው።

«አንተስ ብትቀር ግድ አልነበረኝም፤» አለው ሃይንስ እየሳቀ፤ «ቦርሳውን ብቻ ወርውርልኝ ልልህ ነበር። የሮስኮ መዝሙር ያለው እሱ ውስጥ ነው።»

አልቪን ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና «እኔም ደኅና ነኝ፤ ስለጠየቅኸኝ አመሰግናለሁ» አለ። ሃይንስ ቀልድ መሰለውና ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

በፈረንጅ አቆጣጠር የ1908 ኅዳር ነው። እኛ የሃርደል ኮሌጅ ሰዎች አንዱን ዓመት ባቡር ተከራይተን፣ ኳስ ታቅፎ በሚሮጥበት በኛ አገር እግር ኳስ የማርሎ ኮሌጅ ሰዎችን ልንገጥም ወንዙን እንሻገራለን፤ ሌላውን ዓመት እነሱ ይመጡልናል። በመላው የኢንዲያና ግዛት ከዚህ የከፋ ጠላትነት ያለ አይመስለንም ነበር። ማርሎዎች የራሳቸው መዝሙር አላቸው። እኛ ግን እስከዚያ ዓመት ድረስ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ላይ የኳስ ቃል እየለጠፍን ነበር የምንጨፍረው። እነሱም ይህን ስለሚያውቁ ጨርሰን ዝም ስንል ከማዶ ኮፍያቸውን አውልቀው በአንድ ድምፅ «አሜን» ይሉናል። ለዚህ ስድብ መልስ የሚሆን መዝሙር ፍለጋ የተማሪው ማኅበር ውድድር አወጣ። በመጨረሻ ሁለት ብቻ ቀሩ፤ የአልቪን ስታውትና የሮስኮ ፔል።

አልቪን ሦስት ዓመት ሙሉ ከባንድ መሪው ከፕሮፌሰር ቤክማን እግር ሥር ቁጭ ብሎ ስምምነተ ድምፅ ተምሯል። መዝሙሩን በጋውን በሙሉ ሲሠራው ከረመ፤ አራት ድምፅ ያለው፣ አንድ መስመሩ በላቲን የሆነ፣ ስሕተት ቢፈልጉ የማይገኝበት ሥራ ነበር። ሮስኮ ደግሞ የእህል ወፍጮ ባለቤት ልጅ ነው። ኖታ ማንበብ አይችልም። መዝሙሩን አንድ ቀን ጠዋት ጢሙን ሲላጭ በፉጨት አገኘው፤ እስከ ቁርስ ድረስ ቃሉም መጣለት። ሁለቱንም በጸሎት አዳራሹ ፒያኖ የተጫወተችው የሙዚቃ ተማሪዋ ሌታ ግሮቭ ነበረች። የአልቪንን ስትጨርስ አንሶላዎቹን አስተካክላ መለሰችለትና «በጣም ትክክል ነው፣ ሚስተር ስታውት» አለችው። የሮስኮን ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችው።

አልቪን ቀና። ቃሉን ማለሳለስ አያስፈልግም። ምሳ አልበላ አለው፤ ሮስኮ ኮሪደር ላይ ሲያፏጭ በሰማ ቁጥር መንገድ ይቀይር ነበር። የሮስኮ ዜማ ቢከፋ ኖሮ ግን አይቀናም ነበር፤ ይስቅ ነበር እንጂ። በተለይ አንዲት ድምፅ ነበረች። የመጨረሻው ስንኝ ላይ፣ ዜማው አሁን ወርዶ ያርፋል ብሎ ጆሮ ሲጠብቅ፣ የኮሌጁ ስም ላይ ዘላ ከፍ ትላለች፤

ጭቃው ቢያዳልጥ፣ በረዶ ቢጥል፣
ወደፊት በይ እንጂ፣ ወደፊት ሃርደል።

ያቺ «ሃርደል» የምትባለው ድምፅ አልቪንን አስለቅሳዋለች። በዚያ ሁሉ ትምህርት እሱ ወደዚያ ቦታ መውጣት እንዳልደፈረ ያውቃል። ሮስኮ ግን ጉንጩ ላይ ሳሙና እንደተቀባ ወጥቶባት መጣ።

ማኅበሩ የሮስኮን መረጠ፤ ሆኖም አንድ ቅድመ ሁኔታ አኖረ። መዝሙሩ ማርሎ ሜዳ ላይ ይፈተናል። ሕዝቡ ከዘፈነው ሰኞ በጸሎት አዳራሽ ይጸድቃል፤ ካልዘፈነው የስታውት ይተካል። ማርሎዎች ቀድመው ሰምተው ግጥሙን እንዳያላግጡበት ደግሞ ከጨዋታው ቀን በፊት ማንም ጮክ ብሎ እንዳይዘፍነው ተከለከለ። ባንዱ በሩን ዘግቶ ያለ ዘፋኝ ይለማመድ፤ ሕዝቡ በባቡር ውስጥ በቃል ይማረው ተባለ። የባንዱን ኖታ ለየመሣሪያው ማን ይጻፈው? ሮስኮ አይችልም። እንግዲህ አልቪን ነው ተባለ፤ እንዲህ ያለ ብልህ ውሳኔ የሚወስን ማኅበር ሃርደል ብቻ ነው ያለው።

አልቪን ጻፈው። ከዜማው አንዲት ኖታ አልለወጠም፣ አንዲት አልቀነሰም። ዜማውን በሙሉ እንደ መሰላል አነሣና ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቆመው እንጂ። ለኮርኔት ምቹ ነው፤ ለሰው ጉሮሮ ግን ያቺ የመጨረሻዋ ድምፅ የማይደረስባት ሆነች። ፕሮፌሰር ቤክማን ኖታውን ሲያዩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ነበር።

«ስታውት፣ ይሄ ለዘፋኙ አይከብድም?»

«ሜዳ ላይ ርቆ እንዲሰማ ብዬ ነው፣ ፕሮፌሰር። የናስ መሣሪያ ከፍ ሲል ያምርበታል።»

«ናስማ ያምርበታል» አሉ ቤክማን። በሀገራቸው በጀርመን የጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከናስ ሌላ ብዙ አይታያቸውም። ፈረሙበትና መለሱለት።

ባቡሩ በበቆሎ ገለባ እርሻዎች መካከል ሲሮጥ ሮስኮ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየሄደ መዝሙሩን ያስተምር ጀመር። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ጀማሪዎቹ አረንጓዴ ቆባቸውን እንደ ደንቡ እጃቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። መሣሪያ ስለሌለ ሮስኮ ራሱ በሚመቸው ድምፅ ይጀምርላቸዋል፤ ሕዝቡ ይቀበለዋል። ያቺ ድምፅ ላይ ሲደርሱ ፉርጎው በሙሉ ያለ ችግር ይወጣባታል። አንድ ሽበታም የቀድሞ ተማሪ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ስጠብቃት ነበር» ሲለው አልቪን ሰማ። ቦርሳውን ወደ ሆዱ ጠጋ አደረገው።

ሮስኮና ከኋላው የተከተለው አልቪን የሴት ተማሪዎቹ ፉርጎ ሲደርሱ ሌታ ግሮቭ ከኃላፊያቸው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ቀይ የሱፍ መሐረብ አንገቷ ላይ ጠምጥማለች።

«ሮስኮ፣ ና እዚህ ጋ ቁም፤ ከዚያ ስትጀምር ኋላ ያሉት አይሰሙህም» አለችው። ከዚያ አልቪንን አየችና ጎንበስ አለች። «ሚስተር ስታውት፣ እንደምን አደሩ? ብዙ ደከሙ አይደል፣ ያን ሁሉ ኖታ ሲጽፉ?»

«ምንም አይደል፣ ሚስ ግሮቭ።»

«የደከመውማ እሱ ነው!» አለ ሮስኮ እጁን አልቪን ትከሻ ላይ ጥሎ። «እኔ ማፏጨት እንጂ ምን አውቃለሁ? ይሄ ሰው ባይኖር መዝሙሬ ጢሜ ላይ በቀረ ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። አልቪንም ሳቀ። ሮስኮ ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ እንዴት በቀለለው። ትከሻው ላይ ያለው እጅ ግን ከባድና ሞቃት፣ የእውነተኛ ወዳጅ እጅ ነበር። ሴቶቹ መዝፈን ሲጀምሩ አልቪን የሌታን ዓይን ተመለከተ። ያቺ ድምፅ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና ወጣች፤ ስትገልጠው ያየችው ሮስኮን ነው። አልቪን በዚያች ደቂቃ አሁንም ለማስተካከል ጊዜ እንዳለ ያውቅ ነበር። ባንዱን ሰብስቦ «ዝቅ አድርጋችሁ ተጫወቱ» ቢላቸው፣ ቢንገዳገዱም ይወጡት ነበር። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ማርሎ ሜዳ ላይ የእንግዳ ቦታው የጥድ ሳንቃ ርብራብ ነው፤ ሰው ሲነሣና ሲቀመጥ ይንጫጫል። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፤ ብርዱ በጫማ ሶል ይገባል። ቡድኖቹ ወጡ፤ የኛዎቹ ቀይ ሹራብ፣ የነሱ ጥቁር። ሃይንስ የድምፅ ማጉያውን አንሥቶ ወደ ባንዱ ዞረና ጀምሩ ለማለት እጁን ጣለ።

ባንዱ ጀመረ። እውነት ለመናገር ናሱ አምሮበት ነበር። እኛም በደስታ ተከተልን፤ የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ ምንም ወጣነው፣ ሁለተኛው ላይ አንገታችን መወጠር ጀመረ፣ «ወደፊት» ስንል ፊታችን ቀላ፣ «ሃርደል» ላይ ስንደርስ ያ ሁሉ ወንድ ድምፁ ተሰነጠቀ። ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ ሳለ፣ ግማሹ ዝም አለ። ከማዶ ያሉት ማርሎዎች መጀመሪያ የሰሙትን ማመን ያቃታቸው ይመስለኛል። ከዚያ አንዱ ክንዱን እንደ ክንፍ እያራገበ ተነሥቶ «ኩኩሉ!» አለ። ወዲያው ማዶ ያለው መቀመጫ በሙሉ አውራ ዶሮ ሆነ። አምናማ «አሜን» ብቻ ነበር የሚሉን።

አልቪን ኮርኔቱን ከከንፈሩ አወረደ። ደስ አለው፤ ሌላ ስም የለውም። ሰኞ ጠዋት በጸሎት አዳራሽ የሱ መዝሙር ሲነበብ፣ ሌታ አንሶላውን ፒያኖው ላይ ስትዘረጋ ታየው። ከዚያ ሜዳውን የከለለው ገመድ አጠገብ የቆመውን ሮስኮን አየ። ሮስኮ ባርኔጣውን አውልቆ ጉሮሮውን በእጁ ይዟል፤ በሽታው የሱ ይመስል።

በዕረፍቱ ሰዓት ሮስኮ ወደ ባንዱ መጣ።

«አልቪን፣ ባቡር ውስጥ እኮ ይወጣ ነበር። ምን ሆኖ ነው?»

«ሜዳ ሌላ ነው» አለ አልቪን፣ የኮርኔቱን ምራቅ እያንጠባጠበ። «ሰው ሲጮህ ጉሮሮው ይጠባል።»

«እንደዚያ ነው እንዴ?»

«እንደዚያ ነው።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለ ሮስኮ። አመነው። ወደ ቦታው ተመለሰ።

በሁለተኛው አጋማሽ ማርሎዎች ኳሷን መስመር አሻግረው መሩን፤ ከዚያ የሚከተለውን የአንድ ነጥብ ምትም አገቡ። ኩኩሉው አላባራ አለ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግን የኛ ልጆች ጭቃውን እየገፉ እነሱ ደጃፍ ደረሱ፤ መስመሩን ለመሻገር አንድ ትከሻ ያህል ቀራቸው። ሃይንስ አበደ። ወደ ባንዱ ሮጦ «መዝሙሩን!» አለ።

«የትኛውን?» አሉ ፕሮፌሰር ቤክማን።

«የኛን ነዋ! ሌላ ምን አለን?»

ባንዱ ጀመረ። እኛም ፈራን። ያቺ ድምፅ ከሩቅ ስትመጣ ይታወቀናል፤ ማርሎዎችም ክንፋቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ከብርዱ የተነሣ ሁላችንም ቆመን እግራችንን ሳንቃው ላይ ስንደበድብ ነው የዋልነው። «ወደፊት በይ እንጂ፣ ወደፊት» አልንና ቦታው ላይ ስንደርስ አፋችንን ገጠምን። ማንም አልደፈረም። በዚያች ባዶ ቦታ ላይ ግን እግራችን ወደቀ፤ ሁለቴ፣ ሁላችንም በአንድነት። ርብራቡ ከሥሩ ነጎደ። ማንም አላዘዘም። ሃይንስ ዞሮ አየን፤ አፉን ከፍቶ ቆመ፤ ከዚያ ማጉያውን አነሣ።

«በእግር!» አለ። «ስሟን በእግር ጥሩ! ድገሙት!»

ደገምነው። «ወደፊት» ካልን በኋላ ሁለቴ ስንረግጥ አንድ ሳንቃ ተሰበረ፤ ሽበታሙ የቀድሞ ተማሪ እስከ ጉልበቱ ገባና እየሳቀ ተጎትቶ ወጣ። ማዶ ያሉት አውራ ዶሮዎች ጭጭ አሉ። አልቪን ያን ጊዜ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ነበር፤ ያቺን ድምፅ በሙሉ ትንፋሹ እየነፋ ነው። ነጎድጓዱ መጣና ኮርኔቱ ጠፋ፤ የገዛ ድምፁን አልሰማም። ወደ ታች ሲያይ ቀኝ እግሩ እየረገጠ ነው። እሱ አላዘዘውም፤ ከኛ ጋር አብሮ ይረግጣል።

የኛ ልጆች ገቡ። የአንድ ነጥቡ ምት ግን የግቡን ቋሚ መትቶ ተመለሰና በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። የሚገርመው ማንም አላዘነም። የማርሎን ዋና መንገድ ይዘን እስከ ጣቢያው ድረስ እየዘፈንንና እየረገጥን ሄድን፤ ባለሱቆች በር ላይ ወጥተው ያሸነፉት የነሱ ልጆች መሆናቸውን ይጠያየቁ ነበር።

ባቡሩ ሲነሣ ጀምበር እየጠለቀች ነው። አልቪን ጥግ ይዞ ተቀመጠ። መዝሙሩ ሞቷል፤ የሱ መዝሙር ማለቴ ነው። ሕዝቡ የሮስኮን ስለያዘ ሰኞ የሚነበብ ነገር የለም። ሃይንስ ድምፁ ተዘግቶ በሹክሹክታ እየተናገረ መጣ።

«ስታውት፣ ያቺን ድምፅ ከሁሉም ኖታ ላይ አጥፋት። ባንዱ እዚያ ላይ ዝም ይበል፤ እግሩ ብቻ ይሰማ። ከወረድን በኋላ አትረሳም?»

«ባለቤቱን ጠይቅ» አለ አልቪን። ባለቤቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፤ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው።

«ያጥፋት» አለ ሮስኮ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ለጆሮዬ ጥሩ መስላኝ ነበር፤ ለሰው ጉሮሮ የማትሆን መሆኗን ግን አላወቅሁም። መማር ለዚህ ነው የሚጠቅመው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እግር ጥሩ ነው። ከኔ ይልቅ ሕዝቡ ሠራት። ሁለተኛ ዜማ መሥራት እንኳ አልሞክርም።»

ሃይንስ ወደ ሌላው ፉርጎ አለፈ። ሮስኮም ፒፓውን ሊያጨስ ወደ በሩ ወጣ። ሌታ ግሮቭ ኃላፊዋን አስፈቅዳ ይሁን ሳታስፈቅድ አላውቅም፣ መጥታ ሮስኮ የተነሣበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። አልቪን እርሳሱንና ላጲሱን አውጥቶ የመጀመሪያውን አንሶላ፣ ቱባ የሚባለውን የትልቁን መለከት፣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነበር። አየችው። ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ዓይኗ ቆመ። ፒያኖውን የተጫወተችው እሷ ናት፤ ዜማው መጀመሪያ ምን ያህል ዝቅ ያለ እንደነበር ታውቃለች።

«አልቪን» አለችው። ሦስት ዓመት ሙሉ በስሙ እንድትጠራው ሲመኝ ነበር። «ከፍ ያደረግኸው አንተ ነህ።»

አልቪን አንሶላውን በክንዱ ሸፈነ።

«ዜማ መሥራት እንደማይችል እያመነ ነው በር ላይ የቆመው። ሂድ ንገረው።»

«ቢያውቅስ? ሕዝቡ እግሩን ይተዋል?»

«ስለ ሕዝቡ አላወራሁህም።»

አልቪን ቀና አላለም። በመስኮቱ ብርሃን የሮስኮ ጀርባ ይታያል፤ ሰፊ፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ። መነሣት ነበረበት፤ ጥቂት እርምጃ ናት። ግን ተነሥቶ ቢነግረው ሮስኮ ይቅር እንደሚለው ያውቃል፤ እጁን ትከሻው ላይ እንደሚጥል፣ ሌታም ያን ጊዜ እንዴት ብላ ሮስኮን እንደምታየው ያውቃል። ይህን ሊችለው አልቻለም። ላጲሱን አነሣና የቱባውን ድምፅ ጠረገ።

ሌታ መሐረቧን አጠበቀች። «ያቺን ድምፅ እንግዲህ ማንም አይሰማትም» አለች። ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ሮስኮ ሲያያት ፒፓውን ደበቀ። ምን እንዳለችው አይሰማም፤ ነገር ግን አልነገረችውም፤ ብትነግረው ኖሮ ሮስኮ ፊቱን መደበቅ አይችልም ነበርና እናውቅ ነበር።

አልቪን ሲያጠፋ መሸ፤ መብራት ለኳሹ ገብቶ የዘይት ፋኖሱን አበራለት። የትሮምቦኑን፣ የክላርኔቱን፣ የሁሉንም አጠፋ። በእያንዳንዱ አንሶላ ላይ ያቺን ድምፅ ሲጠርግ በልቡ ይሰማታል። በመጨረሻ የራሱ ቀረ፣ የአንደኛ ኮርኔት። ላጲሱን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ሳያጠፋ አነሣውና ወደ ኪሱ ከተተው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሌላ ኮሌጅ ጋር የምንገጥመው እኛው ሜዳ ላይ ነበር። መዝሙሩ ጸድቋል። ሰው ከየመንደሩ በሠረገላ መጥቶ ርብራባችንን ሞልቶታል። ሮስኮ ከፊት መደዳ ላይ ነው፤ ሌታ ከጎኑ ክንዱን ይዛለች። ሃይንስ እጁን ጣለ። ዘፈንን። ቦታው ላይ ስንደርስ ባንዱ ዝም አለ፤ እኛም ሁለቴ ረገጥን፤ ሮስኮ ከሁላችን አብልጦ እየሳቀ ረገጠ። በነጎድጓዱ መካከል የአልቪን ስታውት ጉንጭ እንደተነፋ ያየን ሰዎች ነበርን። ቆጠራው ጠፍቶበት ነው ብለን ተሳሳቅን።

አልጠፋበትም። በሙሉ ትንፋሹ፣ ያለ አንዳች እንከን፣ ያቺን ድምፅ እየነፋት ነበር። ኋላ ነገሩን ከራሱ አፍ ስሰማ ጸጸት ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እንደዚያ አልልም። ሮስኮ ከጥቂት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ አልሰማትም። አልቪንም በጆሮው አልሰማትም፤ ጥርሱ ላይ ብቻ ስትንቀጠቀጥ ተሰማችው። ሌታ ብቻ አልረገጠችም። የአልቪንን ከንፈር ታይ ነበር። አልቪንም አያት፤ ዓይኑን ጨፈነና ያቺን ድምፅ ለብቻው እስከ መጨረሻው ያዛት።